የበጀት እጥረት ሲያጋጥም ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ መስጠት፦ ከአራዳና ከፒያሳ አንጻር

በአዲስ አበባ ከተማ አራዳ ክፍለ ከተማ የሀገሪቱ በጀት የሚጸድቅበትም፣ የጸደቀው በጀት ከመማሪያ ክፍል ምን ያህል እንደ ደረሰ የሚታይበትም ስፍራ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የትምህርት ሚኒስቴር አራት ኪሎ ላይ፣ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ፒያሳ ላይ ይገኛሉ። በ1900 ዓ.ም. የተቋቋመው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም የዚሁ የአራዳ ልጅ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ወር ላይ ምክር ቤቶች በጀት ሲያጸድቁ፣ በአካባቢው ያሉ ርእሳነ መምህራን በበኩላቸው የሚቀጥለውን ዓመት ተማሪዎች ለመመዝገብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ለመድፈንና የጎደለ ዴስክ ለማሟላት ይዘጋጃሉ። ገንዘቡ ለሁሉም በማይበቃበት ዓመት የትኛው ወጪ ይቅደም፣ የትኛውስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ቦታ ይነሣል። መልሱ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም።

ጥያቄው በተለይ ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ጠንክሯል። የፌዴራል መንግሥት የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ሲጸድቅ 451.3 ቢሊዮን ብር ለመደበኛ ወጪ፣ 283.2 ቢሊዮን ብር ለካፒታል ወጪ፣ 222.7 ቢሊዮን ብር ለክልሎች ድጋፍ፣ 14 ቢሊዮን ብር ደግሞ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተደልድሎ ነበር። የበጀት ጉድለቱ 358.5 ቢሊዮን ብር ነበር። በጀቱ በጸደቀ በሳምንታት ውስጥ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የሚያደርገው ማሻሻያ ይፋ ሆነ። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ደረሰ። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይም ምክር ቤቱ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። በቁጥር ሲታይ በጀቱ አደገ እንጂ አልቀነሰም። ነገር ግን ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲንር በብር ያደገ በጀት በቆርቆሮ፣ በወረቀትና በዘይት ሲሰፈር ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ትምህርት ቤት የሚገዛው ደግሞ ቆርቆሮ፣ ወረቀትና ዘይት ነው።

ስለ በጀት እጥረት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የወጪው መብዛት ብቻ ነው። ከዚያ ያልተናነሰው ምክንያት የገቢው ማነስ ነው። ከግብር የሚሰበሰበው ገቢ ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንጻር 7 በመቶ ገደማ ሆኖ መቆየቱ ይታወቃል። ይህ መጠን ከሰሐራ በታች ካሉ አብዛኞቹ የአፍሪካ ሀገራት ያነሰ ነው። በዚህ የተነሣ የትምህርት ቅድሚያ ጉዳይ ከግብር አሰባሰብ ጉዳይ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

አዲስ አበባን የተለየ የሚያደርግ አንድ ነጥብ እዚህ ላይ መነሣት ይኖርበታል። የከተማዋ በጀት በዋነኛነት የሚሸፈነው ከተማዋ ራሷ ከምትሰበስበው ግብር፣ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ነው። የአራዳ መምህራን ደመወዝ፣ የትምህርት ቤቶቹ የውኃና የመብራት ወጪ፣ የምገባው ስንቅ ሁሉ የሚመጣው ከዚሁ ቋት ነው። ስለዚህ ፒያሳ ውስጥ ያለ ነጋዴ የሚከፍለው ግብርና በዚያው ሰፈር ያለች ተማሪ የምትቀመጥበት ዴስክ ያላቸው ግንኙነት ከሌላው የሀገሪቱ ክፍል ይልቅ ቀጥተኛ ነው ለማለት ይቻላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለሕዝቡ የጤና፣ የትምህርትና ሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች ለማቅረብ በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ደግሞ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ሁሉ የትምህርት ተጠቃሚ እንዲሆኑ ያዛል። ሁለቱ ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ውጥረት ያለባቸው ሊመስሉ ይችላሉ፤ አንዱ ‹እየጨመረ› ይላል፣ ሌላው ‹አቅም በፈቀደ› ይላል። ትክክለኛው ንባብ ግን አቅም ማነሱ ትምህርትን ከሌሎች ወጪዎች እኩል ለመቀነስ ፈቃድ አይሰጥም የሚለው ነው። ‹እየጨመረ› የሚለው ቃል የሚለካውም በብር ብዛት ሳይሆን ገንዘቡ በሚገዛው አገልግሎት ሊሆን ይገባዋል። አለዚያ የዋጋ ንረት ባለበት ዓመት ግዴታው በወረቀት ላይ እየተፈጸመ በክፍል ውስጥ እየተጣሰ ሊሄድ ይችላል።

ትምህርት የራሱ የገንዘብ ምንጭ እንዲኖረው ማድረግ በኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በነገሥታቱና በመኳንንቱ ሀብት የተደገፉ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ የኮፕት መምህራን ሥራ የጀመረው በንጉሠ ነገሥቱ ወጪ ነው፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በአልጋ ወራሹ የግል ሀብት የተመሠረተ ነው። የግለሰብ ቸርነት አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ቤት ያቆም ይሆናል እንጂ የሀገር ትምህርት አይሸከምም። በኋላ በገቢና በወጪ ንግድ ላይ ለትምህርት የሚውል ልዩ ቀረጥ መጣሉ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላም በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር መደንገጉ ይህን ለመሙላት ነበር። የትምህርት ግብሩ ልዩ ባሕርይ ገንዘቡ በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰብስቦ በዚያው ለትምህርት እንዲውል መታሰቡ ነበር። ከፋዩ የከፈለው ወዴት እንደ ሄደ በዓይኑ የሚያይበት ዕድል ነበረው ማለት ነው።

ከታሪኩ ይበልጥ ለዛሬ የሚጠቅመው ግን የ1966ቱ ነው። በወቅቱ ‹ሴክተር ሪቪው› በመባል የታወቀው የትምህርት ጥናት ያነሣው ጥያቄ ዛሬ ከሚነሣው ጋር ተመሳሳይ ነበር፦ ገንዘቡ ጥቂት ነው፣ ትምህርት ያላገኘው የገጠር ሕዝብ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ያለውን ገንዘብ እንዴት እናካፍለው? ጥናቱ ያቀረበው ሐሳብ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርትን ለብዙኃኑ ማዳረስና የሁለተኛና የከፍተኛ ትምህርትን ዕድገት መግታት ነበር። በመርህ ደረጃ ለፍትሐዊነት የቆመ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን የከተማ ወላጆች ‹ልጆቻችን ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፉ ተፈረደባቸው› ብለው ተረዱት፤ መምህራንም የደመወዛቸው ነገር አሳሰባቸው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን የታክሲ አሽከርካሪዎችም አድማ መቱ፤ መንግሥትም ጥናቱን ለማቆየት ተገደደ። ከዚያ በኋላ የሆነው የአብዮቱ ታሪክ ነው። አብዮቱን ያመጣው የትምህርት ጥናቱ ብቻ ነው ብሎ ማለት አይቻልም። ሆኖም የቅድሚያ ውሳኔ በባለሙያ እጅ ብቻ ተጠናቅቆ ለወላጅ ሳይብራራ ሲቀር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳያል።

ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ

የመንግሥት ትምህርት ቤት መደበኛ በጀት ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ። ከሁለቱ አብዛኛውን የሚወስደው ደመወዝ ነው። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም ሀገር ያለ እውነታ ነው፤ ትምህርት በሰው የሚሠራ ሥራ ነውና። ሥራ ማስኬጃ የሚባለው ጠመኔና ወረቀት፣ የጽዳት ዕቃ፣ የቤተ ሙከራ ግብዓት፣ የውኃና የመብራት ክፍያ፣ ጥቃቅን ጥገና ነው።

እጥረት ሲያጋጥም ደመወዝ አይነካም፤ መነካትም የለበትም። መምህሩ የወር ደመወዙ ቢዘገይ ትምህርቱ ይቋረጣል። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተግባራዊ በሆነው የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ማለቱ ይታወሳል፤ የኑሮ ውድነቱ ለተጫነው መምህርም ሆነ ለትምህርት ቤት ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ ማሻሻያው አስፈላጊ ነበር። ሆኖም ደመወዝ ሲያድግና ጠቅላላው ድልድል በዚያው ልክ ሳያድግ ሲቀር የሚጨመቀው ሥራ ማስኬጃው ነው። ቅነሳው ድምፅ የለውም። ማንም ሰልፍ አይወጣበትም፤ ማንም ከሥራ አይሰናበትም። መጸዳጃ ቤቱ ውኃ ያጣል፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ሙከራውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያስተምራል፣ የተሰበረው መስኮት በካርቶን ይሸፈናል።

በአራዳ ይህ ችግር ሌላ ገጽታ አለው። ፒያሳና አካባቢዋ ከከተማዋ ቀደምት ሰፈሮች መካከል ናቸው፤ ከትምህርት ቤቶቹም ብዙ ዕድሜ ያስቆጠሩ ሕንፃዎች ያሏቸው አሉ። አሮጌ ሕንፃ ጥገናው ከአዲሱ ይበልጥ ተደጋጋሚ ነው፤ የቅርስነት ዋጋ ያለው ሲሆንም እንደ ፈለጉ አፍርሶ በብሎኬት መተካት አይቻልም። የበጀት ድልድል በተማሪ ቁጥር ላይ ብቻ ሲመሠረት በከተማዋ ዳርቻ በቅርቡ የተሠራው ትምህርት ቤትና የመቶ ዓመቱ ትምህርት ቤት በነፍስ ወከፍ እኩል ይደርሳቸዋል። ዝናብ ሲመጣ ግን እኩል አይደሉም።

የዝናቡ ነገር ከበጀት ዓመቱ አቆጣጠር ጋርም ይያያዛል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ጣሪያ ሊጠገን የሚገባው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በዚያ ጊዜ ግን የዓመቱ ጥሬ ገንዘብ ወደ ማለቁ ይደርሳል። አዲሱ በጀት የሚለቀቀው ደግሞ ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው፤ የግዥ ሂደቱ ሲታከልበት ሥራው መስከረምን ይነካል። ተማሪ በሌለባቸው ሁለት ወራት መጠናቀቅ ያለበት ጥገና ተማሪ በገባ ጊዜ ይጀመራል ማለት ነው። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አያስፈልገውም። የጥገና በጀት ከመጋቢት በፊት እንዲለቀቅና ከሌላ የሥራ መደብ ጋር እንዳይዛወር ማድረግ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በእጥረት ዘመን መጀመሪያ ሊፈለግ የሚገባው እንዲህ ያለው፣ ብር የማይጠይቀው ማሻሻያ ነው።

ምገባና መጻሕፍት

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተማሪዎች ምገባን በ2012 ዓ.ም. በራሱ በጀት በስፋት ሲጀምር ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ትምህርት አይገባውም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፤ በየትምህርት ቤቱ ምግቡን የሚያዘጋጁት እናቶችም የሥራ ዕድል አግኝተዋል። ከዚሁ ጋር የደንብ ልብስና ደብተር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በነጻ ማቅረብ ተጀምሯል።

ምገባ ለዋጋ ንረት እጅግ የተጋለጠ ወጪ ነው። ለአንድ ልጅ የተተመነው ዕለታዊ ሒሳብ ለአንድ ዓመት ተቆርጦ ሲቀመጥ ጤፍ፣ ዱቄት፣ ምስርና ዘይት ግን ዓመት ጠብቀው ዋጋ አይጨምሩም። በዚህ መካከል ሁለት አማራጮች ብቻ ይቀራሉ፦ ሒሳቡን ማሻሻል ወይም ሳህኑን ማሳነስ። ሳህን ሲያንስ በሪፖርት ላይ የሚታየው የተመጋቢ ቁጥር አይቀንስም። ስለዚህ የምገባ በጀት አፈጻጸም በተመጋቢ ቁጥር ብቻ መመዘን የለበትም። አንዳንዶች ምገባን ‹ከትምህርት ውጪ የሆነ ማኅበራዊ ድጋፍ› አድርገው ስለሚመለከቱት በእጥረት ጊዜ ቀድሞ ሊቀነስ የሚችል ይመስላቸዋል። በአራዳ ባሉ ጎስቋላ መንደሮች ለሚኖር፣ እናቱ በቀን ሥራ ለምታሳድገው ልጅ ግን ምገባው ከትምህርት ቤት እንዳይቀር የሚያደርገው ቀዳሚው ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ ምገባ ከመምህር ደመወዝ ቀጥሎ ሊጠበቅ የሚገባው መደብ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት ችግር ደግሞ መነሻው ሌላ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተግባራዊ መሆን ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የታተመ መጽሐፍ በበቂ ቁጥር ባለመድረሱ ብዙ ተማሪዎች በስልክና በታብሌት በተጫነ ቅጂ ለመማር ተገድደዋል። ወረቀትም ሆነ ኅትመት የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ በመሆኑ የብር ተመን ሲቀንስ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ በዚያው ልክ ይጨምራል። ዘመናዊ ስልክ ያለው ወላጅ ልጅና የሌለው ወላጅ ልጅ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ለአንድ ፈተና የሚዘጋጁት ግን በተለያየ ሁኔታ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይህንን በግልጽ ያሳያል ማለት ባይቻልም አስተማማኝ መሠረት ሳይጣል ምን እንደሚገኝ ግን ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ይህ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻል አለ። ከአሥር ተማሪዎች ዘጠኙ ግን ገና አላለፉም።

ከፒያሳ የተነሡ ተማሪዎች

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ በፒያሳ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራ የአካባቢውን ገጽታ ለውጧል። ዶሮ ማነቂያን በመሳሰሉ ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች ተዛውረዋል። ለትምህርት በጀት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ አልተነገረም። የተማሪ ቁጥር የሚመዘገበው በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ሲሆን በጀትም በዚሁ ላይ ይመሠረታል። መጋቢት ደግሞ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ ነው። በዚህ ጊዜ የሚዛወር ልጅ ለእሱ የተመደበውን ጠመኔም፣ ምሳም፣ ዴስክም ይዞ አይሄድም። ተቀባዩ ትምህርት ቤት ባልታሰበ ቁጥር ይጨናነቃል፤ የለቀቀው ትምህርት ቤት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ስላነሰ በጀቱ ያንሳል፤ ሕንፃው፣ ጥበቃውና ጣሪያው ግን ያው ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸው በለመዱት ትምህርት ቤት ዓመቱን እንዲጨርሱ ሲሉ ከዳርቻ ሰፈር እስከ ፒያሳ በአንበሳና በሸገር አውቶቡስ ማመላለስን መርጠዋል። የትራንስፖርቱ ወጪና ድካም የበጀቱ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም፤ ተሸካሚው ቤተሰቡ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነጥብ፣ ሰፊ የነዋሪ ዝውውር በሚታቀድበት ጊዜ የትምህርት በጀቱም አብሮ እንዲዛወር በዕቅዱ ውስጥ መካተት ያለበት መሆኑ ነው። በዓመቱ አጋማሽ የሚደረግ የበጀት ዝውውር በፋይናንስ ሕግ የተፈቀደ አሠራር ነው፤ የሚጎድለው የቀደመ መረጃ ነው።

በሌላ በኩል የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ በየዓመቱ በመጨመሩ ልጆቻቸውን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ለማዛወር የሚገደዱ ወላጆች አሉ። በአንድ ክፍል በመጀመሪያ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ የሚለው የሀገሪቱ ደረጃ በዚህ ምክንያት ፈተና ይገጥመዋል። እጥረት ሲያጋጥም ቤተሰብም መንግሥትም በአንድ ጊዜ እጃቸው ያጥራል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚፈለገው በትክክል ገንዘብ በሚያጥርበት ሰዓት ነው። የቅድሚያው ክርክር ዋና መነሻም ይኸው ነው።

የሌሎች ሀገራት ልምድ

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ፌዴራል መንግሥቱ ከግብር ገቢው ቢያንስ 18 በመቶ፣ ክልሎችና ማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ 25 በመቶ ለትምህርት እንዲያውሉ ደንግጋለች። ጥቅሙ ትምህርት በየዓመቱ ከመንገድና ከግድብ ጋር እየተሻማ እንዳይኖር ማድረጉ ነው። ጉዳቱም አለው፤ ገቢው ራሱ ሲወድቅ ድርሻው አብሮ ይወድቃል። ኢትዮጵያ ለበርካታ ዓመታት ከመንግሥት ወጪ ከፍተኛ ድርሻ ለትምህርት ስትመድብ ከቆዩት የአፍሪካ ሀገራት አንዷ ናት። ስለዚህ የመቶኛ ወለል ማበጀት ብቻውን አዲስ ነገር አያመጣም።

ይበልጥ የሚያስተምረው የኡጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ከደመወዝ ውጪ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከተላከው የነፍስ ወከፍ ገንዘብ በአማካይ ትምህርት ቤቶቹ ጋር የደረሰው 13 በመቶ ብቻ እንደነበር ጥናት አረጋገጠ። የሀገሪቱ መንግሥት ከዚያ በኋላ ለየወረዳው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም፣ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በር ላይ እንዲለጥፉ ማድረግ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ገንዘብ ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ለውጡ ሁሉ የጋዜጣው ሥራ ነው ወይ የሚለው በባለሙያዎች ዘንድ ሲያከራክር ቆይቷል፤ ሌሎች የአስተዳደር ማሻሻያዎችም አብረው ተካሂደዋልና። ይሁን እንጂ በበር ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት የሚያስወጣው ወጪ ከሚያድነው ጋር አይወዳደርም።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን ሲያቋርጡ በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ተጀመረ። ፕሮግራሙ በወረዳ ደረጃ የሚሰጡ የትምህርት፣ የጤና፣ የውኃና የግብርና አገልግሎቶች በፖለቲካ አለመግባባት ምክንያት እንዳይቋረጡ ያደረገ ሲሆን፣ ከግዴታዎቹ አንዱ የወረዳ በጀት ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ በአደባባይ እንዲለጠፍ ነበር። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚታየው የበጀት ሰሌዳ ሥሩ ከዚያ ነው። ሰሌዳው ዛሬም በብዙ ቦታ አለ። ላዩ ላይ ያለው ቁጥር የየትኛው ዓመት እንደሆነ መመልከት ግን አይከፋም።

ቅደም ተከተሉ

እጥረት ባለበት ዓመት ሊጠበቅ የሚገባውን በግልጽ ማስቀመጥ ይቻላል። ደመወዝና ምገባ አይነኩም። ከእነዚህ ቀጥሎ የዝቅተኛ ክፍሎች የመማሪያ መጻሕፍት ይመጣሉ፤ ማንበብ ያልቻለ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በስምንተኛ ክፍል ላብራቶሪ አይድንም። ጥገናና ውኃ ከዚያ ይቀጥላሉ። አዲስ ሕንፃ መገንባት፣ የቢሮ ዕቃና ተሽከርካሪ መግዛት፣ ከከተማ ውጪ የሚደረጉ ስብሰባዎችና የማስተዋወቂያ ወጪዎች ሊቆዩ የሚችሉ ናቸው። ይህን ማለት ቀላል ነው፤ አፈጻጸሙ ግን የሚከብድበት ምክንያት አለ። አዲስ ሕንፃ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሣል፤ የተጠገነ ጣሪያ አይመረቅም። በዚህ የተነሣ ገንዘብ ባነሰ ጊዜ እንኳ ግንባታ ጥገናን የመቅደም ዝንባሌ አለ።

የፌዴራል መንግሥት በከፍተኛ ትምህርት ላይ የወሰደው አቅጣጫም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ራስ ገዝ የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 1294 በ2015 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ገቢ እንዲያመነጭ ያስችላል። ከከፍተኛ ትምህርት የሚተርፈው ገንዘብ ወደ አጠቃላይ ትምህርት ካልወረደ ግን የማሻሻያው ግማሽ ጥቅም ይቀራል። ገንዘቡ በዚህ አቅጣጫ እየወረደ መሆኑ በየዓመቱ የበጀት ሰነድ ላይ መታየት የሚኖርበት ነጥብ ነው።

የማኅበረሰቡን አስተዋጽኦ በተመለከተ የትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የጀመረው ‹ትምህርት ለትውልድ› ንቅናቄ በመላ ሀገሪቱ በገንዘብ፣ በጉልበትና በዓይነት ከፍተኛ ሀብት አሰባስቧል። ንቅናቄው የተጀመረው ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሀገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከሚፈለገው ደረጃ በታች መሆናቸው በመረጋገጡ ነው። በአራዳ የቀድሞ ተማሪዎች ለተማሩበት ትምህርት ቤት የሚያደርጉት ድጋፍ የቆየ ልማድ ነው። መዋጮ ግን ወሰን አለው። የቀድሞ ተማሪዎቹ ባለሀብት የሆኑለት ትምህርት ቤትና ያልሆኑለት ትምህርት ቤት ልዩነታቸው እንዳይሰፋ የመንግሥት በጀት ወደሌላቸው ማዘንበል ይገባዋል። መዋጮም በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ የልጅ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም።

ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች

በአራዳ ክፍለ ከተማ ልጅ የሚያስመዘግብ ወይም የሚያዛውር ወላጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ እንደማይጠየቅ ማወቅ ይኖርበታል። ለጥገና፣ ለጥበቃ ወይም ለሌላ ጉዳይ ገንዘብ ሲጠየቅ ጥያቄው በወላጅ፣ በተማሪና በመምህር ኅብረት ስብሰባ የተወሰነ መሆኑን፣ በፈቃደኝነት መሆኑንና ደረሰኝ የሚቆረጥለት መሆኑን መጠየቅ መብቱ ነው። ቦታ የለም በሚል ምዝገባ ቢከለከል፣ ወይም ልጁ የምገባና የደብተር ተጠቃሚ ሳይሆን ቢቀር፣ አቤቱታው በቅድሚያ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ቀጥሎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፤ መልስ ካልተገኘም ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ መውሰድ ይቻላል። አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብና የገቢ ቁጥር መያዝ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይጠቅማል።

ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ለሥራ ማስኬጃና ለጥገና ምን ያህል እንደ ተመደበለትና ምን ያህሉ እንደ ደረሰው ማወቅ የሚፈልግ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ የወላጅ ኅብረቱን ተወካዮች መጠየቅ ይችላል። በዚያ ካልተገኘ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ምክንያቱን እንዲያስረዳ አይገደድም። ጥያቄ የቀረበለት አካልም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። በጊዜው ምላሽ ያልተሰጠው ወይም ያለ በቂ ምክንያት የተከለከለ ሰው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ለአቤቱታው የሚከፈል ክፍያ የለም።